የቨርቹዋል ማሽን ማዋቀሪያ መረጃ በየት ይገባል? እንዴትስ ይመዘገባል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዛሬው የሙያ ደርሳችን በተለይ የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪዎችን ይመለከታል። ሆኖም የጀመዓን ሥራ ተረክቦ የሚያስረክብ ሁሉ የሚጠቀምበት ነገር አለው ኢንሻአላህ።

መነሻ

በየዓመቱ ተመራቂዎች ከግቢ ሲወጡ የጀመዓ ሥራዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። የኪታቦች መዝገብ፣ የሰደቃ ሒሳብ፣ የደርስ ፕሮግራም ሁሉም ደብተር ስላላቸው ርክክቡ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብተር የለውም። ሰርቨሩን ያቆመው ወንድም ይመረቃል፤ ማሽኑ መሥራቱን ይቀጥላል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ወይም ዲስኩ ሲበላሽ ተተኪው “ይህ ቁጥር እዚህ የገባው ከየት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት ሰው አያገኝም።

ዲናችን ለጽሑፍ የሰጠውን ቦታ እናውቃለን። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ፣ የሚናገረው ብድርን ስለ መጻፍ ነው፤ ከነቀነ ገደቡ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲኖር፣ ትንሽ ነው ተብሎም መጻፉ እንዳይሰለች። አያው የሚናገረው ስለ ገንዘብ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር ጎትተን ተፍሲር አንሰጠውም። አደቡን ግን እንማርበታለን፦ የሰው ሐቅ ያለበት ጉዳይ በቃል ብቻ አይተውም። አባቶቻችንም “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ።

የምንማርበት ምሳሌ

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው። እውነተኛውን “አስተናጋጅ”፣ በውስጡ የሚነሳውን “እንግዳ” እንላቸዋለን። እንግዳውን የሚፈጥረውና የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል፤ ቨርቹዋልቦክስ፣ ኬቪኤም፣ ቪኤምዌርና ሃይፐር-ቪ የታወቁት ናቸው። እንግዳው የሚነሳበት የተዘጋጀ የዲስክ ፋይል ኢሜጅ ይባላል።

ምሳሌያችን የሶላት ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ ሰርቨር ይሁን። አንድ ኢሜጅ አዘጋጅተን በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ልናስነሳው አስበናል። ሶፍትዌሩ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፤ የሚለያየው መረጃው ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚለካው ከ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን እያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይይዛል። ደብረ ብርሃን 39.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ የዓመቱ ወቅት ደግሞ ይህን እስከ 16 ደቂቃ ወዲህና ወዲያ ያደርገዋል። ዓለም ከተማ ከመሐል ሜዳ በስተ ምዕራብ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለምትርቅ በኬንትሮስ ብቻ ከ2 ደቂቃ በላይ ልዩነት አላቸው። ረመዳን ላይ ኢፍጣር ለሚጠብቅ ሰው 2 ደቂቃ ቀላል አይደለችም።

በዚህ ላይ የሰዓት ክልል አለ። ለክላውድ የተዘጋጁ የኡቡንቱ ኢሜጆች ሲነሱ ሰዓታቸው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ይህን ሳናስተካክል ብናስነሳው ሰርቨሩ ዙህርን ከጊዜው 3 ሰዓት አስቀድሞ ያሳያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ሲነሳ ቢያንስ አምስት ነገር ሊነገረው ይገባል፦ ስሙ፣ የከተማው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የሰዓት ክልሉ፣ የአስተዳዳሪው የኤስኤስኤች ይፋዊ ቁልፍ እና የዳታቤዙ የይለፍ ቃል። ጥያቄው እነዚህ አምስቱ በየትኛው በር ይግቡ የሚለው ነው። የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን በእኛው ፊደል ብንጽፋቸውም ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚጻፉ አስታውሱ።

ሰባቱ መንገዶች

አንደኛ፦ አስቀድሞ ኢሜጁ ውስጥ ማስገባት። ማሽኑን አንድ ጊዜ አስነስተን በእጃችን አዋቅረን ዲስኩን ማባዛት ማለት ነው። ቀላል ነው፤ ግን የመሐል ሜዳውን ለማስተካከል ሌላ ኢሜጅ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ሌላም አደጋ አለው። እያንዳንዱ ሊነክስ ማሽን ማሽን-አይዲ የሚባል መለያ ቁጥርና የራሱ የኤስኤስኤች መታወቂያ ቁልፎች አሉት። ዲስኩን እንዳለ ስናባዛ እነዚህም ይባዛሉ። አዲሶቹ የኡቡንቱ ሰርቨሮች አድራሻ ሲጠይቁ የሚያቀርቡት መለያ ከማሽን-አይዲው የተወሰደ ስለሆነ፣ ሁለት የተባዙ ማሽኖች ከአንድ ራውተር አንድ ዓይነት አይፒ አድራሻ ሊሰጣቸው ይችላል። ተማሪው ራውተሩን ሲፈትሽ ይውላል፤ ችግሩ ያለው ግን ኢሜጁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከማባዛታችሁ በፊት ማሽን-አይዲውን ባዶ አድርጉ፣ የኤስኤስኤች ቁልፎቹን ሰርዙ፣ “ክላውድ-ኢኒት ክሊን” የሚለውን ትእዛዝም አሂዱ።

ሁለተኛ፦ ትንሽ ዲስክ ማያያዝ። እዚህ ላይ ክላውድ-ኢኒት የተባለውን ሶፍትዌር ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ለኡቡንቱ የተሠራ ሲሆን ዛሬ በአብዛኞቹ የክላውድ ሊነክስ ኢሜጆች ውስጥ አለ። ሥራው ማሽኑ ሲነሳ መረጃ ፈልጎ ማግኘትና ማሽኑን በዚያ ማዋቀር ነው። መረጃውን ከሚፈልግባቸው ቦታዎች አንዱ ኖክላውድ የሚባለው መንገድ ነው፤ መጠሪያው “ሲአይዳታ” የሆነ ትንሽ ዲስክ ወይም የሲዲ ፋይል ከማሽኑ ጋር እናያይዛለን። በውስጡ ሁለት ፋይሎች ይኖራሉ፦ ሜታ-ዳታ የማሽኑን መለያና ስም ይይዛል፤ ዩዘር-ዳታ ደግሞ እንዲሠራ የምንፈልገውን። ከፈለግን ሦስተኛ የኔትወርክ ማዋቀሪያ ፋይል እንጨምራለን። ኦፕንስታክ በሚባለው የክላውድ ሶፍትዌርም ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ የዲስኩ መጠሪያ ግን “ኮንፊግ-2” ነው። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ኔትወርክ አለመፈለጉ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ፣ ያለ ምንም ክፍያ ትለማመዱበታላችሁ።

ሦስተኛ፦ በኔትወርክ መጠየቅ። በትልልቅ የክላውድ አገልግሎቶች ማሽኑ ሲነሳ 169.254.169.254 ወደሚባል አድራሻ ጥያቄ ልኮ “እኔ ማን ነኝ? ምን ልሥራ?” ይላል። በ169.254 የሚጀምሩ አድራሻዎች ከአካባቢው ኔትወርክ የማይወጡ ስለሆኑ ጥያቄው ወደ ውጭ ኢንተርኔት አይሄድም፤ የሚመልሰው ራሱ የክላውድ ሥርዓቱ ነው። ለሺህ ማሽኖች ለየብቻ ዲስክ ማዘጋጀት ሳያስፈልግ ሁሉም በአንድ አድራሻ የየራሳቸውን መልስ ያገኛሉ። የመጠን ገደብ ግን አለው፤ በአማዞን ኢሲ2 ላይ ዩዘር-ዳታ ከ16 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ካለ ዩዘር-ዳታው ውስጥ የሚጻፈው ፋይሉ ከየት እንደሚመጣ ነው።

አራተኛ፦ የከርነል ትእዛዝ መስመር። ሊነክስ ሲነሳ ለከርነሉ የሚሰጥ አጭር ጽሑፍ አለ። በኔትወርክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን፣ ወይም ክላውድ-ኢኒት መረጃውን ከየት እንደሚያመጣ ለመጠቆም ይጠቅማል። ቦታው ጠባብ ነው፤ በተለመዱት የኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ 2048 ባይት ብቻ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ሊያነበው ስለሚችል ምስጢር አይጻፍበትም።

አምስተኛ፦ በፈርምዌር በኩል። ኪው-ኢሙ የሚባለው ሶፍትዌር (ኬቪኤም አብሮት የሚሠራው) ለእንግዳው የሚያሳየውን የኮምፒውተር መለያ መረጃ እኛ እንድንጽፈው ይፈቅዳል። ለምሳሌ የማሽኑ የመለያ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ክላውድ-ኢኒት የሚያነበው የአድራሻ ጥቆማ ማስቀመጥ ይቻላል። ኪው-ኢሙ ኤፍደብልዩ-ኮንፊግ የተባለ ሌላ በርም አለው፤ ኢግኒሽን የተባለው የፌዶራ ኮርኦኤስ ማዋቀሪያ በኪው-ኢሙ ላይ መረጃውን የሚያነበው ከዚህ ነው። ዲስክም ኔትወርክም ሳይፈልግ ይሠራል። ጉዳቱ መረጃው የሚጻፈው ማሽኑን በምናስነሳበት ትእዛዝ ላይ በመሆኑ ትእዛዙ ካልተመዘገበ አብሮ መጥፋቱ ነው።

ስድስተኛ፦ በሃይፐርቫይዘሩ መሣሪያዎች በኩል። ቪኤምዌር ጌስትኢንፎ፣ ቨርቹዋልቦክስ ጌስት ፕሮፐርቲ፣ ሃይፐር-ቪ ደግሞ ኬቪፒ የሚሏቸው አሏቸው። ሁሉም ስምና ዋጋ እያጣመሩ በአስተናጋጁና በእንግዳው መካከል ያመላልሳሉ። ጥቅማቸው ማሽኑ እየሠራ እያለ መረጃ መለዋወጥ ማስቻላቸው ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ይህ እንዲሠራ እንግዳው ውስጥ ጌስት አዲሽንስ መጫን አለበት። ሃይፐርቫይዘር ከቀየርን ግን ሥራውን እንደገና እንጀምራለን።

ሰባተኛ፦ ከተነሳ በኋላ ገብቶ ማዋቀር። ማሽኑ በትንሹ ተዋቅሮ ይነሳና ከውጭ በኤስኤስኤች ገብተን እናዋቅረዋለን፤ አንሲብል የሚሠራው በዚህ መልክ ነው፣ ቫግራንትም ይህን ያመቻቻል። በአስተናጋጁና በእንግዳው መካከል የጋራ ፎልደር መክፈትም ከዚህ ይመደባል። ማሽኑ ካለ በኋላ የሚመጣን ለውጥ ለማድረስ ጥሩ ነው። ግን ለመግባት መጀመሪያ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ደግሞ ከስድስቱ በአንዱ ገብቶ መቆየት አለበት። ስለዚህ ይህ መንገድ ብቻውን አይቆምም።

አንድ ጊዜ ወይስ በየጊዜው?

ብዙ ተማሪ የሚቸገረው መረጃው በሚነበብበት ጊዜ ላይ ነው። ዩዘር-ዳታውን አስተካክሎ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ሲያስነሳው ምንም ለውጥ አያይም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ክላውድ-ኢኒት አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ለአንድ ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። “አንድ ማሽን” የሚለውን የሚለየው ሜታ-ዳታ ውስጥ ባለው ኢንስታንስ-አይዲ ነው። መለያው ካልተቀየረ “ይህን ማሽን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ” ብሎ ያልፋል። መለያው ከተቀየረ ግን እንደ አዲስ ማሽን ቆጥሮ ከመጀመሪያው ይሠራል፤ አዲስ የኤስኤስኤች መታወቂያ ቁልፍ እስከ መፍጠር ድረስ።

ዩዘር-ዳታ ውስጥም ልዩነት አለ። “ራንሲኤምዲ” በሚለው ሥር የተጻፉ ትእዛዞች አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳሉ፤ “ቡትሲኤምዲ” በሚለው ሥር የተጻፉት ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይሄዳሉ። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይህን አለመለየት ዋጋ ያስከፍላል። ዳታቤዙን ባዶ አድርጎ የሚፈጥር ትእዛዝ በቡትሲኤምዲ ሥር ቢጻፍ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የአባላቱ መረጃ ይጠፋል።

ሌላው የተለመደ እንቅፋት የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ነው። ዩዘር-ዳታ ከሃሽ ምልክት ተከትሎ “ክላውድ-ኮንፊግ” በሚለው መጀመር አለበት። ያ መስመር ከጎደለ ክላውድ-ኢኒት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ፋይሉን ይተወዋል፤ ማሽኑ ግን በሰላም ይነሳል። ፋይሉ የሚጻፈው በያምል ስለሆነ የመስመር ገባ ማለት የሚለካው በስፔስ ነው፣ በታብ አይደለም። “ክላውድ-ኢኒት ስኪማ” የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን አስቀድሞ ይመረምራል፤ “ክላውድ-ኢኒት ስታተስ” ሥራው ማለቁንና አለማለቁን ይነግራል።

ምስጢር አማና ነው

በሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አያ አማናን ለባለቤቱ ስለ ማድረስ ታዘናል። የይለፍ ቃልና የግል ቁልፍ በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው፤ ከኋላቸው የሰዎች ስም፣ ስልክና ሒሳብ አለ። ከአምስቱ መረጃዎቻችን አራቱ፣ ማለትም ስሙ፣ የቦታው መለኪያ፣ የሰዓት ክልሉና ይፋዊ ቁልፉ፣ ሰው ቢያያቸው ጉዳት የላቸውም። አምስተኛው፣ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል፣ ከእነሱ ጋር በአንድ ፋይል መጻፍ የለበትም።

ምክንያቱን በተግባር ያሳየ ክስተት አለ። በፈረንጆቹ 2019 ካፒታል ዋን በተባለው የአሜሪካ ባንክ ላይ በደረሰ ጥቃት በአሜሪካ ወደ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ተወስዷል። ጥቃት አድራሿ ከውጭ ሆና አንድን ሰርቨር በማታለል በእሷ ፈንታ ወደ 169.254.169.254 ጥያቄ እንዲልክ አደረገች፤ በመልሱም ጊዜያዊ የመግቢያ ቁልፍ አገኘች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር (ኖቬምበር) አማዞን አስቀድሞ ቶከን ማግኘትን የሚጠይቅ ሁለተኛ ዓይነት አሠራር አወጣ። ለእኛ ትምህርቱ፦ በሜታዳታ አድራሻ የሚገኝ ነገር፣ ካልተከለከለ በስተቀር፣ በማሽኑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል።

የሲዲ ፋይሉም ቢሆን ከዚህ አይድንም። አስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ ተራ ፋይል ነው፤ በላብ ኮምፒውተር ላይ ትታችሁት ብትሄዱ የሚቀጥለው ተጠቃሚ ከፍቶ ያነበዋል። የሚሻለው ማሽኑ ሲነሳ የይለፍ ቃሉን ራሱ በዘፈቀደ እንዲፈጥረው ማድረግ፣ ወይም ከተነሳ በኋላ በሰባተኛው መንገድ ለብቻው ማስገባት ነው። ለመግቢያም ከይለፍ ቃል ይልቅ የኤስኤስኤች ይፋዊ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ የግል ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ።

መዝገቡ ምን ይመስላል?

የሐዲስ ሊቃውንት መትኑን ብቻ አልተቀበሉም፤ ከማን ተሰማ፣ እሱስ ከማን ሰማ ብለው ኢስናዱን ጠይቀዋል። በመድረሳም ኪታብ የሚገለብጥ ደረሳ መጨረሻ ላይ ስሙንና የጨረሰበትን ቀን ማስፈሩ የቆየ ልማድ ነው። ለማሽኑ መረጃም ኢስናድ የሚመስል ነገር ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ መረጃ ሰባት ጥያቄዎችን መልሱ፦

1. መረጃው ምንድን ነው? ምሳሌ፦ የከተማው ኬንትሮስ።
2. ዋናው ቅጂ የት ይቀመጣል? ፋይሉና ፎልደሩ ይጻፍ።
3. በየትኛው መንገድ ይገባል? ከሰባቱ አንዱ።
4. እንግዳው ውስጥ ማን ያነበዋል? ክላውድ-ኢኒት፣ ከርነሉ ወይስ ፕሮግራሙ?
5. መቼ ይነበባል? አንድ ጊዜ፣ በተነሳ ቁጥር ወይስ እየሠራ እያለ?
6. ማን ሊያየው ይችላል? ምስጢር ከሆነ ዋጋው መዝገቡ ላይ አይጻፍም፤ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ይጻፋል።
7. መድረሱ በምን ይረጋገጣል?

የኬንትሮሱ መዝገብ ተሞልቶ ይህን ይመስላል፦ “ኬንትሮስ፣ 39.5። ዋናው ቅጂ በሰርቨር ፎልደር ውስጥ የደብረ ብርሃን ዩዘር-ዳታ ፋይል ላይ። ሲአይዳታ በሚባል የሲዲ ፋይል ይገባል። ክላውድ-ኢኒት አንብቦ በሶላት ሰዓት ፕሮግራሙ ማዋቀሪያ ላይ ይጽፈዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ ለመቀየር ኢንስታንስ-አይዲውን መቀየር ወይም ከውስጥ ማስተካከል ያስፈልጋል። ምስጢር አይደለም። ማረጋገጫው፦ ሰርቨሩ ያሳየውን የዙህር ሰዓት መስጊድ ውስጥ ካለው የሰዓት ሰሌዳ ጋር ማነጻጸር።” አንድ አንቀጽ ነው፤ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻ ላይ የጸሐፊው ኃላፊነት፣ ቀኑና ያረጋገጠው ሁለተኛ ሰው ይጨመርበት።

የመዝገብ ትክክለኛነት የሚፈተነው ጸሐፊው በሌለበት ነው። መዝገቡን ላልጻፈ እህት ወይም ወንድም ስጡ፤ ማሽኑን ከባዶ እንዲያቆም አድርጉ፤ እናንተ አትናገሩ። እሱ ቆሞ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ መዝገቡ የጎደለበት ቦታ ነው። ይህን ከምርቃት በኋላ በስልክ ከማድረግ ከምርቃት በፊት በአንድ ከሰዓት ማድረግ ይሻላል።

የትኛውን እንምረጥ?

በላፕቶፕና በግቢ ላብ ለምንሠራው ሁለተኛው መንገድ፣ ትንሹ ዲስክ፣ ይበቃል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ራሳቸው የመዝገቡ አካል ይሆናሉ። ወደ ክላውድ ስትሄዱ ያው ዩዘር-ዳታ በሦስተኛው መንገድ ይገባል፤ የምትለውጡት ጥቂት ነው። ኢሜጁ ውስጥ የሚገባው ለሁሉም ቦታ አንድ የሆነው ሶፍትዌር ብቻ ይሁን። ከተማ ከከተማ የሚለያየው ከውጭ ይግባ። ምስጢሩ ለብቻው ይሂድ።

ለልምምድ

ሀ. በቨርቹዋልቦክስ ወይም በኬቪኤም ላይ አንድ የኡቡንቱ ክላውድ ኢሜጅ ከሲአይዳታ ዲስክ ጋር አስነሱ። ስሙና የሰዓት ክልሉ መቀየሩን አረጋግጡ።
ለ. ኢንስታንስ-አይዲውን ሳትቀይሩ የማሽኑን ስም ዩዘር-ዳታ ላይ ቀይራችሁ እንደገና አስነሱ፤ ከዚያ መለያውን ቀይራችሁ ድገሙት። ያያችሁትን ልዩነት ጻፉ።
ሐ. ለአምስቱ መረጃዎች ሰባቱን ጥያቄዎች ሞልታችሁ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋወጡ፤ አንዱ የሌላውን ማሽን ከመዝገቡ ብቻ ያቁም።

አላህ (ሱ.ወ) የተማርነውን የሚጠቅም ኢልም ያድርግልን፤ የተረከብነውን አማና በአግባቡ የምናስረክብ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።